የምርምርና የገምጋሚ ሽልማት ስታዘጋጁ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የምርምር ሽልማት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ነጥብ ስንደምር ዋልን። ማታ ላይ ተሸላሚው ሲለይ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከቀረቡት ጽሑፎች አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። እኔም አላነበብኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሽልማት ለማዘጋጀት የምታስቡ ሰዎች ይህን እንዳትደግሙ ነው የምጽፈው።

ጆርናሉን መሸለም

ብዙ ጊዜ ነጥቡን የሚወስነው ጽሑፉ የወጣበት ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ኢምፓክት ፋክተር ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዓመቱ ውስጥ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ ለጽሑፎቹ ብዛት ሲካፈል ነው። አማካይ ስለሆነ ጥቂት ጽሑፎች በብዛት ተጠቅሰው ሌሎቹን ይሸከማሉ። እናንተ ፊት ስላለው አንድ ጽሑፍ የሚነግራችሁ ነገር የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው የምርምር ምዘና መግለጫም (ዶራ የሚባለው) የጆርናልን ቁጥር የአንድን ተመራማሪ ሥራ መለኪያ አታድርጉ ይላል። መፍትሔው አድካሚ ነው፦ እጩዎችን ወደ አምስት አውርዳችሁ አምስቱንም አንብቡ።

የዘንድሮን ብቻ ማየት

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ 25 ዓመት ቆይቶ። «በዚህ ዓመት የታተመ» የሚል መስፈርት ብቻ ያለው ሽልማት እንዲህ ያለውን ሥራ አያገኘውም። ቢያንስ አንዱን ዘርፍ ከታተሙ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ለሆናቸው ሥራዎች ተዉት።

ባለጉዳዩን አለመጠየቅ

ስለ ዓሣ የተሠራ አንድ ተሸላሚ ጥናት ይዤ ወደ ጣና ዳር ወርጄ ነበር። የደንገል ታንኳውን እያሰረ የነበረ አንድ አስጋሪ ሽማግሌ «ልጄ፣ ጠይቃችሁን ሄዳችሁ፤ ምን እንዳገኛችሁ ማን ነገረን?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። የጣና ትልልቅ ባርበስ ዓሦች በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ ወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እናቶቹን ይወስዳቸዋል። ይህን ያጠና ሰው ሲወዳደር መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «መረቡን ከወንዝ አፍ ያነሳ አስጋሪ አለ ወይ?» ነው። እያንዳንዱ እጩ ማን በሥራው እንደተጠቀመ አንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍ፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው ደግሞ ሄዶ ያረጋግጥ።

ገምጋሚን በብዛትና በፍጥነት መለካት

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ገምጋሚ የምለው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ ለጆርናሉ አስተያየት የሚሰጠውን ባለሙያ ነው። በዓመት ሃያ ጽሑፍ የገመገመው ይሸለማል፤ ሦስት ብቻ የገመገመችው ትረሳለች። የሃያው አስተያየት ግን «ጥሩ ሥራ ነው፤ እንግሊዝኛው ይስተካከል» የሚል ሆኖ አይቻለሁ። የእሷ ሁለት ገጽ ነበር። አንዱ መስመር እስካሁን ይታወሰኛል፦ «ሰንጠረዥ 3 ላይ ናሙናው 84 ነው፤ ዘዴው ላይ 96 ተብሏል። 12ቱ ሰዎች የት ገቡ?» ጸሐፊው ተመልሶ ቢያጣራ 12ቱ መጠይቁን አቋርጠው የወጡ ነበሩ፤ ድምዳሜውም ተለወጠ። እንዲህ ያለ ግምገማ ገንዘብ አይከፈልበትም፤ የሚሠራው ከቤተሰብ ጊዜ ተቀንሶ፣ ሌሊት ነው።

ስለዚህ የጆርናሉ አዘጋጅ ግምገማው በደረሰው ዕለት ነጥብ ይስጠው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከሆነ ማን ምን እንደጻፈ ይረሳል። የሚታየው ገምጋሚው ዘዴውን መፈተሹ፣ ገጽና ሰንጠረዥ ጠቅሶ መጻፉ፣ ጸሐፊውን ሳያዋርድ ማረሙ ነው። ጸሐፊዎቹንም ጠይቁ፤ ግን ጽሑፉ ውድቅ የተደረገበት ሰው ስለሚከፋው የእሱን ነጥብ ብቻውን መወሰኛ አታድርጉት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ተሸላሚዋ የትኛውን ጽሑፍ እንደገመገመች መድረክ ላይ አትናገሩ። ግምገማው በምስጢር ነው የተሠራው፤ ከተማችን ደግሞ ሁሉም የሚተዋወቅባት ናት።

አማካሪና ተማሪን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ

«ለዚህ ዓመት ብቻ ይለፍ» ከተባለ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እጩውን ያማከረ ወይም አብሮት የጻፈ ዳኛ ነጥብ አለመስጠቱ ብቻ አይበቃም፤ ውይይቱ ላይም አይቀመጥ። ሰው ካነሰ ጎንደር፣ ደብረ ታቦርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ሩቅ አይደሉም።

የመጀመሪያውን ስም ብቻ መጥራት

ናሙናውን ለመሰብሰብ በሌሊት ጀልባ የነዳው ሰውና ላብራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ሲያጥብና ሲመዘግብ የከረመው ቴክኒሻን ስማቸው በጽሑፉ ላይ ላይኖር ይችላል። የማመልከቻ ቅጹ ላይ «በሥራው የተሳተፉ ሁሉ» የሚል ሰፊ ክፍት ቦታ ተዉ፤ የምስክር ወረቀቱም በስማቸው ይታተም። የጀልባ ነጂው ስም ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ እንዲኖር ጥሪው ቀድሞ ይድረሰው።