ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ራስፕቤሪ ፓዩ ለሚጠፋባችሁ

ቤት ውስጥ ያለ አፈር፣ በቱቦ በሚዞር ውሃ ሰላጣና ቆስጣ የምታበቅሉ ሰዎች የምታመጡልኝ ብልሽት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ያው ነው። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ሲነሳ ወይም ሲቆም ራስፕቤሪ ፓዩ፣ ማለትም ፓምፑንና አምፖሎቹን የሚያዘው ትንሹ ኮምፒውተር፣ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ሁሉም ኮዱን ይጠረጥራል። ኮዱን ተዉት፤ ችግሩ ኃይሉ ላይ ነው።

ስክሪን ካላችሁ ጥጉ ላይ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ይላል። የሚገባው ቮልቴጅ ከ4.63 በታች ወርዷል ማለት ነው።

ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ፓምፑን ከፓዩ 5 ቮልት ፒን ላይ ካሰራችሁት ከኮምፒውተሩ አፍ ነጥቆ ነው የሚነሳው። ሲቆም ደግሞ ጥቅልል ሽቦው ውስጥ የነበረው ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይመታል። እዚህ ላይ የስልክ ቻርጀርና እንደ ክር የቀጠነ ኬብል ሲጨመር አለቀ። "2 አምፒር" የሚል ቻርጀር ለክቼ ፓምፑ ሲነሳ ወደ 4.4 ቮልት ሲወርድ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ውሸት አትሞ የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል። አንድ ልጅ ሦስት ሚሞሪ ካርድ ቀይሮ፣ ሲስተሙን ሦስቴ ጭኖ መጣ። ኬብሉን ብቻ ቀየርኩለት፣ መጥፋቱ ቆመ። አንዲት እህት ቤት ደግሞ ፓዩ ማታ እንደጠፋ ቀረ፤ ጠዋት ሰላጣው ሁሉ ሥሩ ደርቆ ተኝቶ አገኘችው። የአንድ ወር ልፋቷ ነበር።

ለፓምፑ የራሱን አዳፕተር ስጡት፤ ከፓዩ ጋር በሪሌ (ፓዩ በሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ብቻ ይገናኝ። ፓምፑ በዲሲ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱ ጫፎቹ መካከል ዋን ኤን 4007 ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አድርጉ፤ ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቭ። ከገለበጣችሁት ሾርት ነው። ባለ 220 ቮልት ፓምፕ ላይ ግን ዳዮድ በፍጹም አታድርጉ! ሪሌውንም ውሃ ከሚንጠባጠብበት ሥር አታስቀምጡ። የፓምፑን ገመድ ሪሌው ላይ ኤንሲ በሚለው ጫፍ (ሪሌው ሳይታዘዝ ተገናኝቶ በሚቆየው) እሰሩት፣ ኮዱንም በዚያው ልክ ገልብጡት፤ ፓዩ ቢሞት እንኳ ውሃው መዞሩን አያቆምም። ከዚያ ፓምፑን 20 ጊዜ አስነሱ፣ አጥፉ። የመብረቅ ምልክቱ አንዴ እንኳ ከታየ አልጨረሳችሁም።

የቀረው አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው። የውሃ ሙቀት መለኪያው 85 ዲግሪ ላይ ከቆመ ይህ ሰንሰሩ ኃይል ሲያገኝ የሚነሳበት ቁጥር ነው፤ ገመዱን አጥብቁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የአምፖሎቹ ሰዓት ከተዛባ፣ ከፓይ 5 በፊት ያሉት ሰዓት የሚያገኙት ከኢንተርኔት ነውና ዲኤስ 3231 የሚባለውን ባለ ባትሪ ሰዓት ጨምሩ። ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን እየገባበት ነው፤ ባልዲውን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑ።