ቮልስ መንገድ ላይ ሲቆም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ በአሮጌ ቮልስ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደጀን፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዋሽ ለሚጓዝ ሰው የተዘጋጀ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል የሚይዘው ዘይት መሙላቱን፣ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ካንዴላዎቹ መጽዳታቸውን፣ ስኮርት ጎማው አየር መያዙንና ፍሬኑ መስተካከሉን አንባቢው ከመነሣቱ በፊት እንዳረጋገጠ እቆጥራለሁ። ይህን ሳያደርግ ለሚወጣ ሰው ከዚህ በታች ያለው ብዙም አይጠቅመውም።

ምልክት፦ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሣል

ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገምብኝ ችግር ይህ ነው። መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ያለ እንከን ሲሄድ ይቆይና ዳገት ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ በማርሚታው በኩል አንድ ሁለቴ ይተኩሳል፣ ከዚያም ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶም እንደገና ይቆማል። ባለቤቱም፣ ሊረዳ የቆመው የጭነት መኪና ሾፌርም፣ በአቅራቢያው ያለው መካኒክም ያለ ምርመራ የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፤ «ቤንዚኑ ተንኖ ነው» ይላሉ።

ግምቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ አየሩም ይሞቃል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ስለሚሠራና የቤንዚን ፓምፑ እዚያው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ሊለወጥ ይችላል። ሆኖም እጄ ከገባባቸው እንዲህ ያሉ ጥፋቶች አብዛኞቹ የካሬንት (የኤሌክትሪክ) እንጂ የቤንዚን አልነበሩም፤ ከካሬንቱም ወገን አብዝቶ የሚያጠፋው ከአውራ ጣት የማይበልጠው ኮንደንሰር፣ ማለትም ፑንቲናው ሲላቀቅ ብልጭታውን የሚያስቀረው ዕቃ ነው።

ሰዉ የሚሳሳትበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሃያ ደቂቃ የጠበቀ ሰው ሞተሩ ሲነሣለት ምስጋናውን ለጨርቁ ይሰጣል፤ በዚያው ሃያ ደቂቃ ውስጥ ኮንደንሰሩም ቦቢናውም (የባትሪውን ካሬንት ለካንዴላ እሳት የሚያጎላው ጥቅል ሽቦ) መቀዝቀዛቸውን አያስብም። በዓባይ ዳገት ላይ ያገኘሁት አንድ ባለ ቮልስ በዚህ እምነት አዲስ ፓምፕ አስገብቶ፣ ካርቡሬተሩን አስፈትቶ፣ የቤንዚን ቱቦውን በብር ወረቀት ሸፍኖ ነበር። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንሥቼ፣ በውስጡ ካሬንቱን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ፑንቲና ባላቀቅሁት ጊዜ ደማቅ ነጭ ብልጭታ ወጣ፣ በቦቢናው ሽቦ ጫፍ ላይ ግን ምንም እሳት አልነበረም። ለቮልስ የሚሆን ኮንደንሰር ስላልነበረው ከአሮጌ ፊያት የወጣ ኮንደንሰር አካሉን በሽቦ ማሳ (የመኪናው ብረት) ላይ አስረን፣ ሽቦውን ቦቢናው ላይ 1 ተብሎ ከተጻፈበት ጫፍ ጋር አገናኘነው፤ ደብረ ማርቆስም በዚያው ገባ። የአብዛኞቹ የፑንቲና መኪኖች ኮንደንሰር መጠኑ ወደ 0.2 ማይክሮፋራድ ስለሆነ በችግር ጊዜ የአንዱ ለሌላው ይሠራል።

ስለዚህ ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ የሚከተሉትን ሁለት ፈተናዎች ወዲያውኑ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሁሉም ነገር ደህና መሆኑን ብቻ ይነግርዎታል። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አንሥተው የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እያዩ የቤንዚን መስጫውን ማንሻ በእጅ ይግፉ፤ ቤንዚን በቀጭኑ ከተረጨ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለና ፓምፑን ለጊዜው ይተዉት። ካልተረጨ ግን እንፋሎት፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም የሞተ ፓምፕ ይሆናልና ጨርቁ ያን ጊዜ ቦታ አለው።

ሁለተኛው ፈተና የእሳት ነው። የፈሰሰ ቤንዚን ወይም የቤንዚን ሽታ ካለ ይህን ፈተና ፈጽሞ አያድርጉ። ከቦቢናው መካከል የሚወጣውን ወፍራም ሽቦ ከዲስትሪቢውተሩ ክዳን ላይ ነቅለው፣ እጅዎን በደረቅ ጨርቅ ከልለው፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት በአምስት ወይም በስድስት ሚሊሜትር ርቀት ይያዙ። ቁልፉ ተከፍቶ ጫፎቹ የተነካኩት ፑንቲና በእንጨት ጫፍ ሲላቀቅ የሚጮኽ ሰማያዊ እሳት ከታየ ቦቢናውም ኮንደንሰሩም ደህና ናቸው፤ ቀጥሎ የሚፈተሸው ክዳኑና በውስጡ የሚዞረው ሮተር ነው። እሳቱ ደካማና ቢጫ ሆኖ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ በፑንቲናው ላይ ግን ብልጭታው ከበረታ ኮንደንሰሩ ሞቷል። በፑንቲናውም ላይ ምንም ብልጭታ ከሌለ ወደ ቦቢናው 15 ቁጥር ጫፍ ካሬንት መድረሱን በመፈተሻ መብራት ይዩ፤ ከደረሰ ፑንቲናው ቆሽሿል ወይም የቦቢናው ውስጥ ተበጥሷል።

ቺንጊያውን በእጅ እየጎተቱ ሞተሩን ሲያዞሩት ፑንቲናው ጨርሶ የማይላቀቅ ከሆነ፣ በካሙ (እየዞረ ፑንቲናውን በሚያላቅቀው ባለ ጉብታ ዘንግ) ላይ የሚንሸራተተው ተረከዙ ተበልቷል ማለት ነው። ይህ የሚመጣው ካሙ ላይ ግሪስ ሳይቀባ ፑንቲና ከሚገጥም ሰው እጅ ነው። ተረከዙ የካሙ ጉብታ ላይ ሲወጣ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር እንዲሆን አስተካክለው ያጥብቁት፤ መለኪያ ከሌለ ጠንከር ያለ የስም ካርድ መንገዱን ያስጨርሳል፤ ቤት ሲደርሱ ግን በትክክል ይለኩት፣ ክፍተቱ ሲለወጥ የእሳቱ ጊዜም አብሮ ስለሚዛባ እርሱንም ይመልከቱ። አዲስ ፑንቲና ከዝገት መከላከያ ቅባት ጋር ስለሚመጣ ጫፎቹ ሳይጠረጉ ከተገጠመ ጥቂት ሄዶ ይቃጠላል።

ስለ ዕቃው ጥራት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2003 ነው፤ ዛሬ በመለዋወጫ ሱቅ ከሚገኘው ብዙው ዕቃ በታዋቂ ምልክት ካርቶን የተጠቀለለ ርካሽ ቅጂ ነው። ከካርቶኑ ወጥቶ ከተማ ሳይለቅ የሞተ ኮንደንሰር ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ አዲሱን ዕቃ ለመጠባበቂያ አያስቀምጡት፤ ከጉዞው ሳምንታት በፊት ገጥመው በከተማ ይፈትኑት፣ እየሠራ የወጣውን አሮጌውን ደግሞ ለመጠባበቂያ ይያዙት። ቦቢና ሲገዙም የውስጥ መቋቋሚያው ከ3 እስከ 4 ኦም መሆኑን በመለኪያ ያረጋግጡ፤ የውጭ ሬዚስታንስ (መቋቋሚያ) ለሚፈልግ መኪና የተሠራው ዝቅተኛ ኦም ያለው ቦቢና ቮልስ ላይ ሲገጠም ራሱም ይግላል፣ ፑንቲናውንም ይበላል። በጎርጎርዮሳዊው እስከ 1966 ድረስ የተሠሩት ቮልሶች ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት ቦቢና ለእነርሱ አይሆንም።

ባለቤቶች በገዛ እጃቸው የሚያደርጉትም ጥፋት አለ። ለምሳ ቆመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ግን ለራዲዮ ብለው ክፍት የሚተዉ ሰዎች ቦቢናውን በቁሙ ይቀቅሉታል፤ የፑንቲናው ጫፎች ተነካክተው ከቆሙ ካሬንቱ ያለማቋረጥ በቦቢናው ውስጥ ያልፋልና። ዘይቱ በክዳኑ በኩል ያንጠባጠበ ቦቢና አምጥቶ «ከመኪናው ዕድሜ ነው» ያለኝ ሰው፣ ያን ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ ዜና ሲያዳምጥ እንደነበረ ቆይቶ ነው የነገረኝ።

ምልክት፦ የዲናሞው ቀይ መብራት በጉዞ ላይ በራ

ወዲያውኑ ይቁሙ፣ ሞተሩንም ያጥፉ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ፋን ያዞራልና ቺንጊያው ተበጥሶ መሄድ ሞተሩን መግደል ነው። «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ቺንጊያው ካለና ከጠበቀ ጥፋቱ የዲናሞው ካርቦን ወይም የሬጉሌተሩ ይሆናልና፣ ባትሪው እስከቻለ ድረስ በቀን ብርሃን መሄድ ይቻላል።

ቺንጊያውን ለመቀየር 21 ቁጥር ቁልፍና ፑሊው እንዳይዞር የሚይዝ ጠንካራ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ጥብቀቱ የሚስተካከለው በሁለቱ የፑሊ ግማሾች መካከል በሚገቡት ሮንዴላዎች ነው፤ ከመካከል ሲቀነሱ ይጠብቃል፣ ሲጨመሩ ይላላል፤ የተረፉት ከዳዶው ሥር ይቀመጣሉ እንጂ አይጣሉም። በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 15 ሚሊሜትር ያህል መግባት አለበት።

ምልክት፦ የቤንዚን ሽታ

ይህ ምልክት ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ መልስ የለውም። ቮልሶችን ያቃጠለው ዋና ነገር ያረጀ የቤንዚን ቱቦና ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበት፣ በግፊት ብቻ የተያዘው አጭር የነሐስ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ከተነቃነቀ ወልቆ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያፈሳል። ከጉዞ በፊት በእጅ ጎትተው ይፈትኑት፤ ከተንቀሳቀሰ ያስጠብቁት። ቱቦዎቹን በሙሉ ይቀይሩ፣ በሽቦ ሳይሆን በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ ይሰሩ፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን አሮጌ ጎማን ቶሎ ይበላል። የፕላስቲክ ፊልትሮ ከሞተሩ አጠገብ አያንጠልጥሉ። የእሳት ማጥፊያው ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ይሁን፤ የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውኃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል።

ሌሎች ምልክቶች

የፍሪሲዮን ፔዳል ወለል ላይ ከቀረ ገመዱ ተበጥሷል፤ መንገዱ ባዶ ከሆነ በአንደኛ ማርሽ አስገብተው በሞተሪኖው አስነሥተው ቀስ ብለው መሄድ ይቻላል። የቤንዚን መስጫው ገመድ ከተበጠሰ የካርቡሬተሩን የሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ብሎን አጥብቀው በከፍተኛ ሚኒሞ እስከ ከተማ ይደርሳሉ። ሞተሪኖው ሲሞቅ ብቻ አልዞር ካለ ቁልቁለት ላይ ማቆምን ይልመዱ። መብራት ወይም ፍሬቻ በድንገት ከጠፋ ፊውዞቹን በጣት ማሽከርከር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከነዳጅ ማደያ ውጭ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ካርቡሬተሩን ስለሚዘጋ በጨርቅ ሳያጠልሉ አይቅዱ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከላላ ጥፋቱ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተር መያዝ ሲገባው ከላይ እስከ ታች ፔዳል ረግጦ የወረደው ሹፌር ነው፤ ቆሞ እስኪበርድ ከመጠበቅ በቀር መፍትሄ የለውም።

በቆሙበት ቦታ ለምልክት ያስቀመጡትን ድንጋይና ቅጠል ሳያነሡ አይሂዱ፤ ከጥምዝ በኋላ በመንገድ መካከል የተተወ ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣው ሰው ከተበላሸ መኪና የከፋ አደጋ ነው።