«አባቱም አጭር ነው» እያልን የምናሳልፋቸው ልጆች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሕፃናት አክማለሁ። አንጀቱን ለታመመ ልጅ ማጠር «በዘሩ ነው» የሚል መልስ ሲበዛብኝ ነው ይህን የጻፍኩት።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ሳይለኩ ለዘር መስጠት። የዘር ድርሻ እኮ ይገመታል! የአባትና የእናትን ቁመት በሴንቲ ሜትር ደምሩ። ለወንድ 13 ጨምሩ፣ ለሴት 13 ቀንሱ፣ ከዚያ ለ2 አካፍሉ። አባት 168፣ እናት 157 ቢሆኑ የወንድ ልጃቸው ቁመት 169 አካባቢ ይጠበቃል። በዘሩ አጭር የሆነ ልጅ አጭርም ቢሆን በእድገት ሰንጠረዡ ላይ የራሱን መስመር ይዞ ያድጋል። መስመሩን ለቆ ከወረደ ሌላ ነገር ፈልጉ። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ዩኒፎርሙ ለዓመታት አልጠበበውም። «እኛ ቤት ረጅም የለም ዶክተርዬ» አሉኝ። አባትየው በራችንን ጎንበስ ብሎ ገባ! ልጁ ሪፈር ተጽፎለት ሲመረመር ክሮንስ፣ ማለትም አንጀትን ለረጅም ጊዜ የሚያስቆጣ በሽታ፣ ሆኖ ተገኘ። በክሮንስ፣ ቁመት ሆድ ሳያመው በፊትም ሊቆም ይችላል።

በተቃራኒው «የዘር ምርመራ ይታዘዝልን» የሚሉም አሉ። ኖድ 2 በሚባለው ዘረ መል ላይ ያለ ልዩነት ከክሮንስ ጋር እንደሚያያዝ ከ2001 ጀምሮ ይታወቃል። ግን ልዩነቱን ከተሸከሙት አብዛኞቹ አይታመሙም። ኢንተርሉኪን 6 የተባለውን የብግነት (የሰውነት መቆጣት) መልእክተኛ የሚሠራው ዘረ መል ላይ ያለ ልዩነትም ከቁመት ማጠር ጋር ተያይዟል። ነገሩ ይገባል፤ ብግነቱ ጉበት የእድገት ሆርሞንን ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርገዋል። ቢሆንም ቁመቱን የሚመልሰው ብግነቱን ማብረድና በደንብ መመገብ ነው። በሽታው በጨቅላነቱ ለጀመረው፣ በተለይ ወላጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑ፣ የዘር ምርመራው ትርጉም አለው።

ለአሜባና ለጃርዲያ ደጋግሞ ማከም ይብቃ። ሦስተኛው ዙር ላይ ደርሳችሁ ልጁ ካልዳነ፣ ሌላ ነገር ፈልጉ።

ቲቢን ሳያጣሩ ክሮንስ ብሎ መድኃኒት መጀመር አደጋ ነው። የአንጀት ቲቢ ቁርጥ ክሮንስን ይመስላል፤ የክሮንስ መድኃኒት ደግሞ ቲቢን ሊያነሳሳ ይችላል።

ክብደት ብቻ መመዝገብም አለ። ቁመትም ይለካ፤ ያለ ጫማ፣ ሹሩባዋም ተፈትቶ።

ብግነቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አወሳሰዱ ሲረዝም ራሱ እድገት ይገታል። ወላጆች ግን በራሳችሁ ፈቃድ ድንገት እንዳታቋርጡት፤ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። በክሮንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ለሕክምና የተዘጋጀ የተሟላ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መስጠት ስቴሮይዱን ሊተካ ይችላል። ዋጋው ግን ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

የጉርምስና ምልክት ሳታሳይ 13 የሞላትን ሴት፣ 14 የሞላውን ወንድ «ይደርሳል» ብላችሁ አትሸኙ። የግራ እጅ ራጅ አዝዙ፤ የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ ገና ካልተዘጋ የማደጊያ ጊዜ አለ።