ግራ እግሩን ላጣ ሹፌር ማኑዋል መኪና እንዴት ይስተካከላል?

እግሩን ያጣ ሰው መኪናውን ለደላላ ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ይወቅ። ማኑዋል መኪናም ቢሆን ይስተካከላል። ጣሊያናዊው የመኪና ተወዳዳሪ አሌሳንድሮ ዛናርዲ በፈረንጆች 2001 ጀርመን ውስጥ በደረሰበት አደጋ ሁለቱንም እግሮቹን አጥቷል። በ2005 ደግሞ በተስተካከለለት ቢኤምደብሊው ተመልሶ ውድድር አሸነፈ። ነዳጁን የሚሰጠው መሪው ላይ በተገጠመ ቀለበት በእጁ ነበር።

እዚህ የምናየው የግራ እግርን ነው። ማኑዋል መኪና ላይ የግራ እግር ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ክላች) መርገጥ። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያተኩረው እሱ ላይ ነው። ቀኝ እግር ከታጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፍሬኑም ነዳጁም ወደ ግራ እግር መዞር አለባቸው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ፍሪሲዮኑ በራሱ የሚሠራ ከሆነ ነው። ለዚህ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ አውቶማቲክ ፈልግና የግራ እግር ነዳጅ መስጫ አስገጥም።

መጀመሪያ ሰውየው፣ ከዚያ መኪናው

እግሩ የተቆረጠው ከጉልበት በታች ከሆነና ሰው ሰራሽ እግሩ በደንብ ከተስማማው፣ ፍሪሲዮኑን በእሱ መርገጥ የሚችሉ ሰዎች አሉ። ጉልበቱና ዳሌው ይገፋሉ። ችግሩ ሰው ሰራሹ እግር ፔዳሉ የት እንዳለ አይነግረውም። ይንሸራተታል፣ ወይም ፔዳሉ ሥር ይሰነቀራል። ይህን መንገድ ከመምረጡ በፊት ሰው ሰራሽ እግሩን ከሠራለት ባለሙያ ጋር ይነጋገር። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ደጋግሞ ይሞክረው። አንዴ እንኳ ከሳተ ይተወው። ከጉልበት በላይ ከሆነ ይህን አማራጭ እርሱት፤ ፍሪሲዮኑ ወደ እጅ ይምጣ።

ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ጤና አስፈትሹ። የፍሪሲዮኑ ሸራ ያለቀበት ወይም ሸራውን የሚጫነው ስፒንጂ ዲስክ የደከመበት መኪና ፔዳሉ ይጠነክራል። መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ከዚያ ፍሪሲዮኑ በምን እንደሚሠራ እዩ። ቮልስ በፊሎ (በሽቦ ገመድ) ነው የሚሳበው፤ ላዳ ደግሞ በዘይት ይገፋል። የሚገጠመው ዕቃ በዚህ ይወሰናል።

እጀታው የት ይሁን?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ከፔዳሉ ጋር የተበየደ ረጅም ብረት በበሩ በኩል ማቆም ነው። ግራ እጅ ብረቱን ይጫናል፣ ቀኝ እጅ ማርሽ ይቀይራል። ታዲያ መሪውን ማን ያዘው? ማንም! ጉድጓድ ላይ ጎማው ቢመታ መኪናው ወደፈለገው ይሄዳል።

እጀታው ማርሹ ላይ ቢሆንስ? የማርሹ ዘንግ ጭንቅላት ሥር የሚሳብ ምላስ ይደረጋል። ቀኝ እጅ ምላሱን እየሳበ ማርሽ ይቀይራል፤ ግራ እጅ ከመሪው አይነሳም። ሜዳ ላይ ጥሩ ነው። ግን የእንጦጦን ዳገት አስቡት። ቆማችሁ ልትነሱ ነው። ቀኝ እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ ሲዞር መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የእጅ ፍሬን ያስፈልጋል። ቀኝ እጅ ግን ፍሪሲዮኑን ይዟል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ከመሪው ጀርባ በግራ በኩል የሚቀመጥ አጭር እጀታ ነው። መዳፍ መሪው ላይ እንዳለ በአራት ጣት ብቻ የሚሳብ። የባጃጅ ሹፌሮች ፍሪሲዮናቸውን በግራ እጃቸው እየሳቡ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ ሐሳቡ ያው ነው። ቀኝ እጅ ለማርሽና ለእጅ ፍሬን ነፃ ይሆናል። ልማዱ ይህ ነው፦ መሪው ቀጥ ሲል ማርሽ ቀይር፣ ኩርባ ውስጥ አትቀይር።

ጣት ብቻውን አይችልም

አሁን የጉልበት ጥያቄ ይመጣል። ፔዳሉ 14 ሳንቲ ሜትር የሚወርድና 10 ኪሎ ያህል ግፊት የሚፈልግ ነው እንበል። እጀታው የሚሳበው 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ርቀቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ጉልበቱ በእጥፍ ይጨምራል። 20 ኪሎ መሆኑ ነው። የፊሎው ሰበቃ ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። በሥራ መግቢያ ሰዓት ከመገናኛ ወደ ቦሌ በየሁለት ሜትሩ ይህን የሚስብ ጣት የለም። የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል ፊሎም ለዚህ ጭነት አልተሠራም፤ ይበጠሳል።

መፍትሔው አጋዥ መሣሪያ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ማኒፎልዱ (አየር ማስገቢያ ቧንቧው) ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል። የፍሬኑ ሴርቮ፣ ማለትም የእግራችንን ግፊት የሚያጎለብተው መሣሪያ፣ የሚያግዘን በዚህ ነው። ለፍሪሲዮኑም ሌላ ሴርቮ ይገጠምና ፔዳሉን ወይም ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ያለውን የፍሪሲዮን ክንድ ይስባል። የእጀታው ሥራ ቫልቩን መክፈትና መዝጋት ብቻ ይሆናል። የናፍጣ ሞተር ይህ የመሳብ ኃይል ስለሌለው የራሱ ፓምፕ ይፈልጋል።

ሦስት ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ የፍሪሲዮኑ ሴርቮ የአየር ቱቦ ከፍሬኑ ቱቦ ላይ ተገንጥሎ መውጣት የለበትም። ከማኒፎልዱ የራሱ መስመር፣ የራሱ መጠባበቂያ ጋንና አየር ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ይኑረው። ፍሪሲዮኑ ቢበላሽ መኪናው ይቆማል፤ ፍሬኑ ቢደክም ግን ሰው ይሞታል። ሁለተኛ፣ ቫልቩ እጅን የሚከተል ይሁን። እንደ መብራት ማብሪያ ክፍት ወይም ዝግ ብቻ ከሆነ ባላንስ መያዝ፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን በከፊል ለቆ መነሳት፣ አይቻልም፤ መኪናው ወይ ይዘላል ወይ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል እንዳለ ይቀመጥ። ሌላ ሰው መንዳት ይችላል፣ መኪናው ሲሸጥም ዋጋው አይወድቅም።

እንደ ጣሊያኑ ጊዶሲምፕሌክስ ያሉ ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ዕቃ ይሠራሉ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቢያስመጣ ሙሉ ዕቃ ያገኛል። ቶርኖ ቤት የሚያሠራ ደግሞ መያዣዎቹን በብሎንና በዳዶ ያሳስር። መሪው ዘንግ ላይ ብየዳ የሚባል ነገር አይነካ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ መካኒኩ ባትሪውን ሳይፈታ እጁን እንዳያስገባ።

ሙከራው

መጀመሪያ መኪናው በክሪክ ተነስቶ መደገፊያ ላይ ይቀመጥ። ሞተሩ ተነስቶ ማርሾቹ አንድ በአንድ ይሞከሩ። እጀታው ሲሳብ ጎማው መቆም አለበት፤ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። ቀጥሎ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ ከዚያ ትንሽ ዳገት፣ መጨረሻ ላይ መንገድ። ከጎን የሚቀመጠው ሰው የእጅ ፍሬኑ አጠገብ ይሁን።

የታጣው እግር ያለ መስሎ መሰማቱ የታወቀ ነው። ድንገት ሲደነግጥ ሰውየው በሌለው እግሩ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ይሞክራል። ስለዚህ ድንገተኛ አቋቋምን ደጋግሞ ይለማመድ፦ ቀኝ እግር ፍሬን ላይ፣ ግራ ጣቶች እጀታው ላይ፣ በአንድ ጊዜ። እጁ ቢዘገይ ሞተሩ ቢጠፋም ግድ የለም፤ ዋናው ፍሬኑ መያዙ ነው። ሰው ሰራሽ እግሩን አድርጎ የሚነዳ ከሆነ እግሩ ወደ ፔዳሎቹ እንዳይንሸራተት ማረፊያ ይሠራለት። ተንሸራታች ምንጣፍም ይውጣ።

ወረቀቱ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መንጃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የሚፈልጉትን የሕክምና ማስረጃና ፈተና እነሱ ይነግሯችኋል። ለኢንሹራንሱ ለውጡን በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂውን ያዙ። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ የጋራዡን ደረሰኝና ምን እንደተገጠመ የሚገልጽ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

መኪና ገና ሊገዛ ላሰበ ሰው ግን ይህ ሁሉ ድካም ላያስፈልገው ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ለሹፌሩ የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። ቀኝ እግር ይበቃዋል።