መቃኛው ምን አጠፋ?

ጊታር ሊያስጠግኑ ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ምርመራውን ቤታቸው ጨርሰው ነው የሚመጡት። «ቅኝቱ አልቆም ስላለኝ ባለ መቆለፊያ መቃኛ ይግጠሙልኝ» ይላሉ። መቃኛ በጊታሩ ራስ ላይ ክሩ የሚጠመጠምበት፣ በጉጥ የሚዞር ዘንግ ነው፤ ባለ መቆለፊያው የክሩን ጫፍ በዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ በትንሽ ፒን ጨምድዶ ይይዛል፤ በዚህም ክሩን ደጋግሞ ከመጠምጠም ያድናል። ዕቃውን እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ምርመራው ነው።

እጅ እጅ ያለኝ ስህተት ለነት ጥፋት መቃኛን መክሰስ ነው። ነት የምንለው በአንገቱና በጊታሩ ራስ መገናኛ ላይ ያለውን፣ ስድስት ጭረት የተቀረጸበትን ትንሽ የአጥንት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ጭረቱ ከጠበበ ክሩን ይነክሰዋል። ትዝታ እየተጫወታችሁ ክሩን ገፍታችሁ ስታስለቅሱት ጥቂት ክር በነቱ ውስጥ ወደ ጣቶቻችሁ በኩል ይሳባል፤ ስትለቁት ተመልሶ አይገባም፤ ድምፁ ወርዶ ይቀራል። የትሬሞሎውን ክንድ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አላልቶ ድምፁን የሚያወርደውን እጀታ፣ ተጭናችሁ ስትለቁት ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ድምፁ ከፍ ብሎ ይቀራል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ መቃኛው ምን አጠፋ? የመቃኛው ጉጥ የሚያዞረው ጠመዝማዛ ብሎን ነው፤ ብሎኑ ደግሞ ባለ ጥርሱን መንኮራኩር ያዞራል። መንኮራኩሩ ግን ብሎኑን መልሶ ማዞር አይችልም። ስለዚህ በደንብ የተጠመጠመ ክር ተራ መቃኛን ጎትቶ አይፈታውም፤ ጥርሱ ካላለቀ በቀር።

ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁን ነቱ አጠገብ አድርጋችሁ ክሩን ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ድምፁ ባለበት ቆይቶ በድንገት «ጢን» ብሎ ከዘለለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ክሩን ፈታ አድርጋችሁ ጭረቱን በተሳለ እርሳስ ቀቡት፤ የእርሳሱ ግራፋይት ያለሰልሰዋል። ካልበቃ ጭረቱ በልኩ ይሞረድ። በተለይ በ0.009 ኢንች ክር ሲሠራ የኖረን ጊታር 0.011 አስራችሁበት ከሆነ፣ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ጭረት ውስጥ እንዴት እንዲንሸራተት ፈለጋችሁ? ሌስ ፖል በሚባለው ጊታር ላይ ደግሞ የጊታሩ ራስ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ መቃኛዎቹም ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ የተደረደሩ ስለሆኑ ሦስተኛውና አራተኛው ክር ከነቱ ሲወጡ ወደ ጎን ይታጠፋሉ። በሦስተኛው ክር ያልተማረረ የሌስ ፖል ባለቤት አላጋጠመኝም። አንድ የሠርግ ባንድ ጊታሪስት ውድ መቃኛ ከውጭ አስመጥቶ፣ አስገጥሞ፣ ያው ሦስተኛው ክር አልቆም ብሎት መጣ። ያዳነው የልጄ የትምህርት ቤት እርሳስ ነበር። ገንዘቡን እያሰበ አልሳቀም።

ፍሎይድ ሮዝ የተባለው ትሬሞሎ ላለው ጊታር ባለ መቆለፊያ መቃኛ አትግዙ። ክሩ ነቱ ላይ ተቆልፏል፤ ከዚያ ወዲያ መቃኛው ምንም አያደርግም።

አዲሱን መቃኛ በአሮጌው ልማድ ማሰርም የተለመደ ነው። ከፍሎ ገዝቶ ሲያበቃ ክሩን እንደ ድሮው ሦስት ዙር የሚጠመጥም አለ! ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ዘንጉን ቀዳዳው ወደ ክሩ እንዲያይ አዙሩት፤ ክሩን አሳልፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ቆልፉት፤ ከዚያ ቃኙ። ዘንጉ አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ክሩ ቅኝቱን ይይዛል። ትርፉን የምትቆርጡት በመጨረሻ ነው። አዲስ ክር ደግሞ ይለጠጣል፤ በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ መልሳችሁ ቃኙት እንጂ በመጀመሪያው ምሽት ወረደ ብላችሁ መቃኛውን አትስደቡ።

የመቆለፊያውን ጉጥ በፒንሳ አታጥብቁ። ጣት ይበቃል።

ሳይለኩ መግዛት ብዙ ጊታር አበላሽቷል። የአሁን መቃኛዎች በአብዛኛው ወደ 10 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ የድሮው ዓይነት ቀዳዳ ከዚያ ይጠባል። ገዢው ዕቃው አልገባ ሲለው ትራፓኖ ያነሳል። በእጅ የተያዘ ትራፓኖ ቀድሞ የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ መሐሉን አይጠብቅም፤ እንጨቱን ነክሶ ይሰነጥቃል። ራሱ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የተተረተረ ጊታር በኮላ ስይዝ አምሽቼ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ደግሞ ቀለሙ እንዳይታወቅ ይለምነኛል። የቀዳዳውን ስፋት፣ የእንጨቱን ውፍረትና ከጀርባ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ቦታ ለኩ። ስድስቱም በአንድ ወገን ነው ወይስ ሦስት በሦስት የሚለውን እንኳ ሳያዩ የሚገዙ ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው።

እንደ ስትራቶካስተር ራሱ ላላጋደለ ጊታር የዘንጎቹ ቁመት እየቀነሰ የሚሄድ ስብስብ ይሸጣል። ረጅሞቹ ነቱ አጠገብ፣ ለወፍራሞቹ ክሮች ናቸው፤ አጭሮቹ ጫፍ ላይ። አገላብጦ የገጠመ ሰው ቀጫጭኖቹ ክሮች ነቱ ላይ ሳይጫኑ ሲንዛዘዙ ይሰማል። ብዙ ባለ መቆለፊያ መቃኛዎች ከተራው ይከብዳሉም፤ እንደ ኤስ ጂ ያለ፣ ቀድሞውንም አንገቱ ወደ መሬት የሚያዘነብል ጊታር ላይ ይህ ይሰማል።

ታዲያ ማን ይግዛ? በየሳምንቱ መድረክ ላይ የሚወጣ፣ ክር በዘፈን መሐል ሲበጠስበት ሁለተኛ ጊታር የሌለው ይግዛ፤ ክር መቀየር ከምንም በላይ ይፈጥንለታል። ነቱን አስተካክሎ ትሬሞሎ የሚጠቀምም ይግዛ፤ ጥምጥሙ ስለቀረ ዘንጉ ላይ የሚላላና የሚጠብቅ ክር አይኖርም። ቤቱ ተቀምጦ በዓመት ሁለት ጊዜ ክር የሚቀይር ግን በገንዘቡ ጥሩ ክር ይግዛበት። ቀይራችሁም ከሆነ የድሮዎቹን መቃኛዎች ከነብሎኖቻቸው በአንድ ከረጢት አስቀምጡ፤ ጊታሩን የምትሸጡ ቀን ገዢው ይጠይቃችኋል።