ኦሪትን ማን ጻፈው? ጥያቄውን በሥርዓት ለመመርመር

እዚህ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ኦሪት፣ ሙስሊሙ ተውራት እያለ፣ ሁለቱም ሙሴን አክብረው በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይጨዋወታሉ። «መጽሐፉ ከሰማይ ነው ወይስ የሰው ድርሰት?» የሚለው ጥያቄ የተነሣ እንደሆነ ግን ክርክሩ ማንም መጽሐፉን ሳይገልጥ ያበቃል። ነገሩን ከልብ መመርመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጥያቄውን ከሦስት ይክፈለው፤ የቃሉ ምንጭ ማን ነው? በማን እጅ ተጻፈ? አሁን የምናነብበትን መልክ መቼ ያዘ? ምንጩን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ ጽሕፈቱን ለብዙ እጆች የሚሰጥ አማኝ አይሁዳዊ አለ፤ ሦስቱን ቀላቅሎ የሚከራከር ሰው ይህን አቋም ከነመኖሩም አያየውም።

ቀጥሎ ስለ የትኛው መጽሐፍ እንደሚነጋገሩ ይወስኑ። አይሁድ 24ቱን መጻሕፍቶቻቸውን ቶራ፣ ነቢያትና ጽሑፎች ብለው ይከፍሏቸዋል፤ «ከሰማይ የወረደ» የሚለው ቃል በሙሉ ክብደቱ የሚነገረው ስለ ቶራ፣ ማለትም ስለ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ከዘረዘራቸው 13 የእምነት መሠረቶች ስምንተኛው ይኸው ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ግን በምዕራፍ 25 መጀመሪያ የሕዝቅያስ ሰዎች እንደቀዱት ራሱ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ዘዳግም ምዕራፍ 34ን ያንብቡ። ሙሴ ሞተ፣ ተቀበረ፣ መቃብሩንም እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም ይላል። የጥንት አይሁድ መምህራን ክርክር የተሰበሰበበት ታልሙድ ይህን አይቶ ዝም አላለም፤ አንዱ አስተያየት የመጨረሻዎቹን ስምንት ቁጥሮች ኢያሱ ጻፋቸው ሲል፣ ረቢ ሺሞን ደግሞ እግዚአብሔር እየነገረው ሙሴ ራሱ በእንባ ጻፋቸው ይላል። ስለዚህ ጥያቄው የዘመናችን ሰዎች ፈጠራ አይደለም። በ12ኛው መቶ ዓመት አይሁዳዊው መጽሐፍ ተርጓሚ አብርሃም ኢብን ዕዝራም «ከነዓናውያን በዚያን ጊዜ በምድሩ ነበሩ» የሚለውን (ዘፍ. 12፥6)፣ ከነዓናውያን ከምድሩ ከጠፉ በኋላ፣ ማለትም ከሙሴ በኋላ የተጻፈ የሚመስለውን ቃል ሲተረጉም፣ ምሥጢር ሊኖርበት እንደሚችልና አስተዋይ ዝም እንደሚል ብቻ ጠቁሞ አለፈ። ፈላስፋው ባሩክ ስፒኖዛ በ1670 እ.ኤ.አ. መጻሕፍቱን የጻፈው ሙሴ አይደለም ብሎ ያንን ዝምታ ሰበረው፤ በ1878 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሊቅ ዩልዩስ ቬልሃውዘን አምስቱ መጻሕፍት ከአራት የተለያዩ ምንጮች ተገምደዋል የሚለውን ትንታኔ በሰፊው አስታወቀ።

የምንጮቹን ነገር ከሰው አፍ ከመቀበል በእጅ መሞከር ይሻላል። የኖኅን ታሪክ ከዘፍጥረት 6 እስከ 8 በደብተር ይገልብጡና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይያዙ። እንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ይግቡ የሚለውን (6፥19) በአንዱ፣ ንጹሖቹ ሰባት ሰባት ይግቡ የሚለውን (7፥2) በሌላው ያስምሩ፤ 40 ቀን የሚለውንና (7፥17) 150 ቀን የሚለውንም (7፥24) እንዲሁ ይለዩ። ሁለት ታሪክ ተገምዶ ይታይዎት እንደሆነ፣ ወይም አንዱ ቃል ሌላውን የሚያብራራ ሆኖ ያገኙት እንደሆነ፣ ፍርዱን ለራስዎ ይስጡ።

በዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ ከያዟቸው ዋና ምልክቶች አንዱ የመለኮት ስም ነው፤ ዕብራይስጡ በዘፍጥረት 1 «ኤሎሂም» ብቻ ሲል፣ ከ2፥4 ጀምሮ አራት ፊደል ያለውን የተከበረ ስም ይጨምርበታል። የእኛ ትርጉም ግን ምዕራፍ 1ን «እግዚአብሔር»፣ ምዕራፍ 2ን «እግዚአብሔር አምላክ» ስለሚል፣ የተጨመረው «አምላክ» የሚለው ቃል ብቻ ይመስላል፤ የስሙ ልዩነት ተሸፍኖ ይቀራል፤ በአማርኛው ላይ ብቻ ቆሞ «የስም ልዩነት አላየሁም» ማለት አይቻልም።

የተቃዋሚዎቹንም መልስ ሳይሰሙ አይፍረዱ። አይሁዳዊው ሊቅ ኡምቤርቶ ካሱቶ የስሞቹ መለዋወጥ የጸሐፊ ሳይሆን እያንዳንዱ ስም የሚገልጸው ሐሳብ ልዩነት ነው ብሎ ቬልሃውዘንን ሞግቷል። አይሁዳዊው ፈላስፋ ፍራንዝ ሮዘንዝቫይግ ደግሞ ሊቃውንቱ ምንጮቹን አንድ ላይ ላያያዘው ለመጨረሻው አሰናጂ ምልክት ያደረጉትን «ር» የተባለ ፊደል «ራቤኑ» ብሎ አነበበው፤ መምህራችን ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም መልሶች ልብ የሚነካው ይህ ነው፤ ምርመራውን ሳይሸሽ አክብሮቱን ጠብቋልና።

ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ስላደግሁ የብራና ጸሐፊ ሲሠራ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጥቁሩን ቀለም በመቃ ብዕር እያጠቀሰ ይጽፋል፤ የቅዱሳን ስም ሲደርስ ቀዩን ያነሣል፤ የዘለለው ቃል ካለ ከመስመሩ በላይ በደቃቃ ፊደል ያስገባዋል። እርግጥ መገልበጥና መድረስ አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን በዚያ ብራና ላይ የሰው እጅ መኖሩን አይቶ ቅድስናውን የካደ ሰው አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ ኤርምያስ 36ን ያንብቡ። ነቢዩ ይናገራል፣ ባሮክ በቀለም ይጽፋል፣ ንጉሥ ኢዮአቄም ክርታሱን በካራ እየቀደደ ከምድጃው እሳት ይጥለዋል፤ ባሮክም እንደገና ሲጽፈው እንደ ቀድሞው ያለ ብዙ ቃል ይጨመርበታል። ከላይ የከፈልናቸው ሦስት ጥያቄዎች በዚህ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ተለይተው ይታያሉና፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ኅዳግ ላይ የትኛውን እንደሚመልስ እየጻፉ ይለፉ።