ለካሜራው ብለው ስልክ ከመቀየርዎ በፊት የተበላሹ ፎቶዎችዎን ይመርምሩ

ሰዎች በስልካቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች አስተካክሎ በወረቀት ማተም የዕለት ሥራዬ ነው። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል፤ «የዘንድሮው ካሜራ ከአምናው በጣም ይሻላል ይላሉ፤ ልቀይር?» መልስ ከመስጠቴ በፊት የተበላሹትን ፎቶዎች እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ፎቶ የሚበላሽበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አዲስ ካሜራ የሚያድነው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ለጊዜው ይተዉትና ጋለሪዎን ይክፈቱ። ባለፈው አንድ ዓመት ካነሷቸው መካከል ከልብ ይፈልጓቸው የነበሩትን፣ ግን ያልተሳኩትን ብቻ ለይተው በአንድ አልበም ያስቀምጡ። ያማሩት ለዚህ ሥራ አይረዱም። ከዚያ እያንዳንዱን በጣትዎ አስፍተው ይመልከቱ፤ ከፎቶው ጋር የተመዘገበውን መረጃም ያንብቡ። በብዙ ስልኮች ፎቶውን ከፍተው ወደ ላይ ሲገፉት የመዝጊያው ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት፣ እና አይኤስኦ የሚባለው የብርሃን ማጉያ ቁጥር ይታያሉ።

በቅርቡ አንዲት እናት ያመጣችልኝን ፎቶ ልጥቀስ። ልጇ በምሽት ሳሎን ውስጥ ስትጨፍር ያነሳቻት ነው። ሳሰፋው የመጋረጃው ጥልፍ ክር በክር ይቆጠራል፤ የልጅቷ እጆች ግን እንደ ጭስ ተበትነዋል። መረጃው 1/15 ሰከንድ ይላል። መጋረጃው ጥርት ብሎ መውጣቱ የእናትየው እጅ እንዳልተንቀጠቀጠ፣ ሌንሱም ጤነኛ እንደሆነ ይመሰክራል። የተንቀሳቀሰችው ልጅቷ ናት። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስተካክለው የሌንስ ማረጋጊያ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ የሚጨፍርን ሰው አያስቆምም። እዚህ የጎደለው ብርሃን ነው። የክፍሉን መብራት ሁሉ ማብራት፣ ልጅቷን ወደ መብራቱ ማቅረብ፣ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነም የመዝጊያውን ፍጥነት በእጅ ወደ 1/125 ሰከንድ ማሳጠር ይቻላል። ፎቶው ትንሽ ይሻክራል፤ ልጅቷ ግን ትታያለች። ለእናትየው ያልኳት ይህንኑ ነው፤ ስልኳ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ልትቀይረው ቆርጣ ነበር የመጣችው።

ሌሎቹንም በዚሁ ዓይን ይለዩ። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳበ ከሆነ የተንቀሳቀሰው የእርስዎ እጅ ነው። ስልኩን በሁለት እጅ ይዘው፣ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ያንሱ። ስልክዎ የሌንስ ማረጋጊያ ጨርሶ ከሌለው፣ ማረጋጊያ ያለው ስልክ እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅምዎታል። በመብራቶች ዙሪያ የብርሃን ጭረት ከታየና ምስሉ ሁሉ ነጣ ብሎ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ የጣት ቅባት ይዟል፤ አለዚያም መስታወቱ ተጭሯል። ቅባቱን ለስላሳ ጨርቅ ያስለቅቀዋል፤ የተጫረውንም መስታወት ጠጋኝ ሊቀይረው ይችላል። ሰው በቅባት ምክንያት ሙሉ የሠርግ ፎቶ ሲያጣ ማየት ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ከማንሳትዎ በፊት ሌንሱን መጥረግ ልማድ ያድርጉት።

የሚቀሩት ሁለት ምክንያቶች ስልክ መቀየርን በእውነት ሊያስቡበት የሚገባባቸው ናቸው። አንደኛው፣ ሰዎቹ ዝም ብለው ቆመው ሳለ የፊታቸው ቆዳ ያለ ልክ ከለሰለሰ፣ ፀጉራቸውም ከተድበሰበሰ፣ አይኤስኦውም በሺዎች የሚቆጠር ከሆነ ነው፤ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል፣ በጨለማው ተሸንፏል፣ ሶፍትዌሩም ሽካራውን ሲያጠፋ መልኩን አብሮ አጥፍቶታል ማለት ነው። ሁለተኛው ርቀት ነው። በመድረክ ላይ ያለን ሰው በዲጂታል ዙም ሲያቀርቡት ስልኩ የሚያደርገው የምስሉን መሐል ቆርጦ ማስፋት ነው። ለዚህ መፍትሔው የርቀት ሌንስ ያለው ስልክ ነው።

በአልበምዎ ውስጥ የበዙት የእነዚህ የሁለቱ ዓይነት ከሆኑ ወደ ቁጥሮቹ ይሂዱ፤ በመጀመሪያ ግን በየዓመቱ የሚታወጀው ለውጥ ከምን እንደሚመጣ ይወቁ። አይፎን በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው 6ኤስ ጀምሮ እስከ 2021ዱ 13 ፕሮ ድረስ ዋናው ካሜራው 12 ሜጋፒክስል (12 ሚሊዮን ነጥብ) ነበር፤ ወደ 48 የተሻገረው በ2022 በ14 ፕሮ ነው። የጎግል ፒክስል 3፣ 4 እና 5 በዋናው ካሜራቸው የተጠቀሙት አንድ ዓይነት ሴንሰር ነው። በእነዚያ ዓመታት ፎቶዎቹ መሻሻላቸው እውነት ነው፤ ብዙውን የሠራው ግን ተከታትለው የተነሱ ምስሎችን እያዋሃደ ጥላውንና ብርሃኑን የሚያመጣጥነው ሶፍትዌር ነው። በ2018 ከፒክስል 3 ጋር የተዋወቀው የምሽት ማንሻ በዚያው ዓመት በሶፍትዌር ማሻሻያ በ2016 ለወጣው የመጀመሪያው ፒክስል ጭምር ደርሷል። ባለቤቶቹ ምንም ሳይገዙ በጨለማ ማንሳት ጀመሩ። እርስዎም ከማንኛውም ግዢ በፊት የስልክዎን ሶፍትዌርና የካሜራውን መተግበሪያ ያዘምኑ። ለፒክስል 8 እና ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ተገብቷል፤ እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ሰው በየዓመቱ የሚጣደፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ሜጋፒክስል ሰውን በጣም የሚያሳስት ቁጥር ነው። ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ 200 ሜጋፒክስል አለው፤ ሆኖም በተለመደው አሠራሩ 16 ነጥቦችን ወደ አንድ እያዋሃደ 12 ሜጋፒክስል ገደማ የሆነ ፎቶ ያስቀምጣል። የፎርኬ ቴሌቪዥን ሙሉ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ነው። እኔ ኤፎር ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ ሳትም የሚያስፈልገኝ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ጥሩ ብርሃን ላይ የተነሳ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ከማተሚያዬ ሲወጣ ደንበኛ ቅር ብሎት አያውቅም።

የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 1.7 ሰፋ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሲባልም ተጨማሪው ብርሃን 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ሊከታተሉት የሚገባው የሴንሰሩን መጠን ነው። 1/2.55 ኢንች ከሚባለው የቆየ መጠን ወደ 1 ኢንች ዓይነት ሲሄዱ ብርሃን የሚቀበለው ስፋት አምስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህን የሚያህል ልዩነት ከአምና ወደ ዘንድሮ አይገኝም፤ አራትና አምስት ዓመት በሚራራቁ ስልኮች መካከል፣ ወይም ከርካሽ ሞዴል ወደ ከፍተኛው ሲሻገሩ ነው የሚገኘው። በጀርባው ላይ ቦታ ለመሙላት የተጨመረ ባለ 2 ሜጋፒክስል ማክሮ (በጣም ቅርብ ያለን ነገር ማንሻ) ሌንስን ከቁጥር አያስገቡት።

ከዚያ ይፈትኑ። አዲሱን ስልክ ካለው ወዳጅዎ ተውሰው፣ የራስዎን ስልክ ጎን ለጎን ይዘው፣ በአንድ ቦታና በአንድ ደቂቃ ያንሱ። በፀሐይ ብርሃን ላይ አበባ አያንሱ፤ በፀሐይ ሁሉም ስልክ ጎበዝ ነው። አልበምዎ ውስጥ የወደቀውን ዓይነት ፎቶ ይድገሙት፤ ማታ በአንድ አምፖል የተቀመጡ አዛውንት፣ ከአዳራሽ ኋላ የሚታይ ተናጋሪ። ሁለቱንም በእኩል መጠን ያሳትሙ ወይም ፎቶዎችዎን ዘወትር በሚልኩበት መንገድ ለሦስተኛ ሰው ይላኩለት፤ የቱ ከየትኛው ስልክ እንደሆነ ግን አይንገሩት። ዋትስአፕና ቴሌግራም በተለመደው አላላክ ፎቶን ጨምቀው ስለሚያሳንሱት፣ ልዩነቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ አይገረሙ። ለእርስዎ ግን ዋናው ይኸው ነው፤ ተመልካቾችዎ የሚያዩት እርሱን ነውና። ሰውየው ሳያመነታ የአዲሱን ከመረጠ ለውጡ እውነተኛ ነው። «ሁለቱም ያው ናቸው» ካለ ወይም የአሮጌውን ከመረጠ ስልክዎን ይዘው ይቆዩ።

ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው መለኪያው ይለያል፤ እየተራመዱ ሲቀርጹ የምስሉን መረጋጋትና የድምፁን ጥራት መፈተን አለበት።

ፈተናውን አልፈው ለመቀየር ከወሰኑም የዘንድሮው መካከለኛ ሞዴል ብቻ አይታይዎት፤ የአምናው ወይም የካቻምናው ከፍተኛ ሞዴል ብዙ ጊዜ የተሻለ ሴንሰርና የርቀት ሌንስ ይዞ ይገኛል። የማሻሻያ ዘመኑ ስንት እንደቀረው ይጠይቁ። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊትም ሱቁ በደመቀ መብራት እያበራ ያሳየዎትን ይተዉና ስልኩን ወደ ጨለም ያለው ጥግ ይዘው ሄደው አብሮዎት የመጣውን ሰው ፊት ያንሱ፤ አስፍተውም ቅንድቡን ይመልከቱ።